የዳኛን የሀብት መግለጫ ማን ያነበዋል?

ስለ ከፍተኛ ዳኞች ሥነ ምግባር ሲወራ ነገሩ ወዲያውኑ ወደ ጉቦ ይሄዳል። እኔ ግን ጉቦ የዚህ ጉዳይ ትንሹ ክፍል ነው ባይ ነኝ። ጉቦ የትም ቢሆን ወንጀል ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይደብቁታል፤ ማንም ዳኛ በቅጽ ላይ ሞልቶ አያስመዘግበውም። የሀብት ማሳወቂያ ቅጽ የሚያስፈልገው በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ነገር ፍርድን ሊነካ የሚችልበትን ቦታ ለማየት ነው፤ አክሲዮን፣ የባለቤት ደመወዝ፣ ብድር፣ ወዳጅ የከፈለው የጉዞ ወጪ። እነዚህ ሁሉ በራሳቸው ነውር የለባቸውም። ነውሩ የሚመጣው ባለአክሲዮኑ ዳኛ በኩባንያው ጉዳይ ላይ ሲያስችል፣ የጉዞው ከፋይም ወይም የቅርብ ሰዎቹ ተከራካሪ ሆነው ሲቀርቡ ነው። ስለዚህ ቅጹ መኖሩን ብቻ ሰምቶ የሚረካ ሰው አያሳምነኝም። መጠየቅ ያለበት ዳኛው ሞልተው ከፈረሙ በኋላ ወረቀቱን ማን እንደሚያነበው፣ መቼ እንደሚያነበውና አንብቦ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

የዚህን ሐሳብ መነሻ ለማየት በጣም የሚጠቅመኝ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ በነበረው በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1852 የተወሰነው የዳይምስ እና የግራንድ ጃንክሽን የመርከብ ቦይ ኩባንያ ክርክር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሥር ፍርድ ቤት ለኩባንያው የተሰጠውን ውሳኔ በጊዜው የአገሪቱ ከፍተኛው ዳኛ የነበሩት ሎርድ ቻንስለር ኮተንሃም አጸኑት። ኮተንሃም በዚያው ኩባንያ ውስጥ፣ ከፊሉ በራሳቸው ስም፣ ከፊሉ ደግሞ በባለአደራነት የያዙት ብዙ ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ አክሲዮን ነበራቸው። ጉዳዩ ለጌቶች ምክር ቤት ሲቀርብ ኮተንሃም ሆን ብለው አድልተዋል ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ከፈራጆቹ አንዱ ሎርድ ካምፕቤል ይህ ጥቅም ኮተንሃምን በጥቂቱም ቢሆን ይነካቸዋል ብሎ የሚያስብ ሰው እንደሌለ በግልጽ ተናግረዋል። ያም ሆኖ ውሳኔው ተሻረ። ከዚያ ምክር ቤቱ ፍሬ ነገሩን ራሱ መርምሮ ኩባንያው በእርግጥም ሕጋዊ መብት እንዳለው አረጋገጠ፤ ያሸነፈው አሸነፈ፣ የተረታውም ተረታ። ኮተንሃም ደግሞ ይህ ሁሉ ሲወሰን በሕይወት አልነበሩም።

ይህን መዝገብ የምወደው ነገሩን ከሰው ጠባይ ስለሚለየው ነው። የዳኛው ቅንነት አልተጠረጠረም፣ የፍርዱ ትክክለኛነትም አልተነካም፤ ሆኖም ባለጥቅም ሰው ያጸናው ፍርድ እንደ ፍርድ ሊቆም አልቻለም። ዛሬም «እሳቸው እኮ ጨዋ ዳኛ ናቸው» የሚለው መከራከሪያ በተነሳ ቁጥር ወደዚህ መዝገብ እመለሳለሁ። ሀብቱን እንዲያሳውቅ የተጠየቀ ዳኛ ሌባ ተብሎ አልተጠረጠረም። የተጠየቀው ከፊቱ የቆመው ተከራካሪ፣ ዳኛውን ጨርሶ የማያውቀው ሰው፣ በእምነት ሳይሆን በማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ፍርዱን እንዲቀበል ነው።

በ2002 በሄግ የተጠናቀቁት የባንጋሎር የዳኝነት ሥነ ምግባር መርሆዎች ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀጥላሉ። ዳኛ የራሱንና በባለአደራነት የያዘውን የገንዘብ ጥቅም ራሱ ጠንቅቆ ማወቅ እንዳለበት፣ ስለ ቤተሰቡ አባላት ጥቅምም ለማወቅ ተገቢውን ጥረት ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋሉ። «አክሲዮን እንዳለኝ አላወቅሁም ነበር» ማለት በዚህ መሠረት መከላከያ ሳይሆን ራሱን የቻለ ጉድለት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግም ከዚህ አይተናነስም፤ ዳኛው በተከራካሪው ድርጅት ውስጥ የገንዘብ ጥቅም ካለው፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ አንዲት አክሲዮንም ብትሆን፣ ከችሎቱ መነሳት ግዴታው ነው።

ደንቡ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ችግሩ የሚበረታው በጫፉ ላይ ነው። የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ ቢሳሳት ይግባኝ አለ፤ ቢነሳ ሌላ ዳኛ ይተካል፤ ቢያጠፋ የሚጠይቀው አለቃና የዲሲፕሊን ጉባኤ አለ። በመጨረሻው ፍርድ ቤት ግን ከላይ ማንም የለም። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለምሳሌ አንድ ዳኛ ከችሎት ሊነሳ ይገባው እንደሆነ የሚወስነው ለረጅም ዘመን ራሱ ዳኛው ነው፤ ቢነሳም የሚተካው አይሾምም፤ ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታም አልነበረበትም። በራሱ ጉዳይ ማንም ዳኛ ሊሆን አይችልም የሚለው መርህ ከሁሉ ይልቅ መጠበቅ በሚገባው ቦታ ላይ፣ ይኸው መርህ መከበሩን የሚወስነው ባለጉዳዩ ራሱ ሆኖ ይገኛል።

የኤብ ፎርታስን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ፎርታስ በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተሾሙ፣ በችሎታቸው ማንም የማይጠራጠራቸው ጠበቃ ነበሩ። በ1966 መጀመሪያ ላይ ሉዊስ ዎልፍሰን ከተባሉ ባለሀብት የቤተሰብ ፋውንዴሽን 20,000 ዶላር ተቀበሉ። ውሉ ይህንኑ ያህል ገንዘብ በየዓመቱ እስከ ዕድሜ ልካቸው፣ ከእርሳቸው በኋላም ለባለቤታቸው እንዲከፈል የሚል ነበር። ገንዘቡ ከዓመታዊ ደመወዛቸው ግማሽ ያህል ነው። ባለሀብቱ በዚያን ጊዜ በአክሲዮን ሽያጭ ሕግ ጥሰት ምርመራ ላይ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ክስ ከተመሠረተባቸው በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር፣ ፎርታስ ገንዘቡን መለሱ። ነገሩ የታወቀው ግን በ1969 ላይፍ መጽሔት ሲያወጣው ነው፤ ፎርታስም በግንቦት ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በወንጀል አልተከሰሱም፤ ጥፋት አልሠራሁም እንዳሉም ቀሩ። ያንን ውል ከመፈረማቸው በፊት «ይህን በአደባባይ በሚነበብ ወረቀት ላይ መጻፍ አለብኝ» ብለው የሚያስቡበት ግዴታ ቢኖር ኖሮ ይፈርሙት ነበር ብዬ አላምንም። ከማንኛውም ምርመራ በፊት ዳኛውን ከራሱ የሚያድነው ይህ አስቀድሞ የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ የማሳወቅ ግዴታ ትልቁ ጥቅም ለእኔ እዚህ ላይ ይታየኛል።

ግዴታው የመጣው በ1978 ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ካስለቀቀው የዎተርጌት ቅሌት በኋላ የወጣው የመንግሥት ሥነ ምግባር ሕግ ዳኞችንም አካተተ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞችም እንደሌሎቹ በየዓመቱ በግንቦት ወር ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹን ቀርቦ ላየው ሰው አሠራሩ ብዙ ይናገራል። ከፍርድ ቤት ውጭ የተያዘ ኃላፊነት፣ ውል፣ ከደመወዝ ውጭ የሆነ ገቢ፣ የተሸፈነ የጉዞ ወጪ፣ ስጦታ፣ ዕዳ፣ ኢንቨስትመንት እያለ በክፍል ይከፈላል፤ በየክፍሉ ራስጌ ላይ «የለም» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። የሀብቱ ግምት በቁጥር አይጻፍም፤ በፊደል ይገለጻል። አንዱ ፊደል እስከ 15,000 ዶላር፣ ቀጣዩ ከዚያ እስከ 50,000፣ ቀጣዩ እስከ 100,000፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ያለውን ይሸፍናል። በዚህ በአራተኛው ፊደል የተመለከተ ሀብት ባለፈው ዓመት 110,000 ሆኖ ዘንድሮ 240,000 ቢደርስ ከወረቀቱ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ይህን የምጽፈው ቅጹን ለማጣጣል አይደለም፤ ለጥቅም ግጭት ቁጥጥር የድርጅቱ ስም ከገንዘቡ መጠን ይበልጣል። ነገር ግን ሀብት ከገቢ በላይ ማደጉን ከዚህ ወረቀት ላይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይሳካለትም።

ሳጥኗ ላይ ልመለስ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ባለቤታቸው ከአንድ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ደመወዝ ይቀበሉ በነበሩባቸው ዓመታት ስለ ትዳር ጓደኛ ገቢ በሚጠይቀው ክፍል «የለም» የሚለውን ምልክት ሲያደርጉ ቆይተው፣ በ2011 ነገሩ በአደባባይ ሲነሳ መመሪያውን በተሳሳተ መንገድ በመረዳቴ ነው ብለው የበርካታ ዓመታት ቅጾቻቸውን አሻሻሉ። በ2023 ደግሞ ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት አንድ ባለጸጋ ወዳጃቸው በግል አውሮፕላንና በጀልባ ለዓመታት ሲያስተናግዷቸው እንደነበር፣ በ2014ም ከዳኛውና ከቤተሰባቸው ቤት መግዛታቸውን ገለጸ፤ ሽያጩ በቅጹ ላይ አልነበረም። ዳኛው የቅርብ ወዳጅ መስተንግዶ መመዝገብ እንደማያስፈልግ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ተመክረው እንደነበር ተናገሩ፤ የቤቱን ሽያጭም በዚያው በ2023 አስገቡ። ሆን ብለው ደብቀዋል ወይስ ተሳስተዋል የሚለውን እኔ አልፈርድም። የምጠይቀው ሌላ ነው። የባለቤታቸው ሥራ ምስጢር አልነበረም፤ የተቋሙን ስም የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቅጹን ተቀብሎ ያስቀመጠ ሰው ያችን ምልክት አይቶ አንዲት ጥያቄ እንኳ ማንሳቱ አልተሰማም።

በሥር ፍርድ ቤቶች የታየውም ይህንኑ ያረጋግጣል። ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ በ2021 ባወጣው ምርመራ ከ2010 ወዲህ 131 የፌዴራል ዳኞች እነርሱ ወይም ቤተሰባቸው አክሲዮን ያላቸው ኩባንያዎች ተከራካሪ በሆኑባቸው 685 መዝገቦች ላይ ማስቻላቸውን አገኘ። ከጆንሰን እስከ ትራምፕ ያሉ ፕሬዚዳንቶች ሁሉም ማለት በሚቻል ደረጃ የሾሟቸው ዳኞች በዚህ ውስጥ ነበሩበት፤ የአንድ ወገን በሽታ አልነበረም። ልብ የሚነካው ጋዜጠኞቹ ያነበቡት ዳኞቹ ራሳቸው ሞልተው ያስገቡትን ቅጽ መሆኑ ነው። አልተደበቀም፤ መረጃው ከክርክር መዝገቡ ጋር ጎን ለጎን ስላልተቀመጠ ብቻ ነው ሳይታይ የቀረው። የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) በ2022 ባወጣው ሕግ ቅጾቹ በኢንተርኔት በሚፈለግ ቋት ላይ እንዲወጡ፣ የአክሲዮን ግዢና ሽያጭም በ45 ቀን ውስጥ እንዲገለጽ አደረገ። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከወጡት ሕጎች ይህን እጅግ ጠቃሚው አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ማንም ጠበቃ ደንበኛው ችሎት ፊት ከመቅረቡ በፊት ራሱ እንዲያነብ አስችሎታልና።

በኅዳር 2023 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ዳኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን የሥነ ምግባር ደንብ ፈርመው አወጡ። በደንቡ ውስጥ አቤቱታ የሚቀበል፣ የሚመረምርና የሚቀጣ አካል የለም። በጥር 2025 ደግሞ የፌዴራል ዳኞች ጉባኤ የዳኛ ቶማስን ጉዳይ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር እንዲመራ የቀረበለትን ጥያቄ ሳይቀበል ቀረ፤ ዳኛው አዲሱን መመሪያ ለመከተል መስማማታቸውን ጠቅሶ፣ ጉባኤው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ላይ ይህን የማድረግ ሥልጣን እንዳለውም አጠራጣሪ መሆኑን አነሳ። የ1978ቱ ሕግ ከወጣ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ «ይህ ሥልጣን የማን ነው» የሚለው ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እስከዚህ ያለውን ብቻ የሚያይ ሰው መድኃኒቱ ጠንካራ ክንድ ነው ብሎ ይደመድማል። ጠንካራው ክንድ የነበረባቸውን አገሮች ሳይ ግን እጄ ይያዛል።

የፊሊፒንስ የ1987 ሕገ መንግሥት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች የሀብት፣ የዕዳና የተጣራ ሀብት መግለጫ እንዲያቀርቡ፣ መግለጫውም ሕግ በሚደነግገው መንገድ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን በስም ጠቅሶ ያዛል። ፍርድ ቤቱ ግን የዳኞቹ መግለጫ በቀላሉ ለጠያቂ እንዳይሰጥ ለረጅም ዓመታት ገድቦ ነበር። ዋና ዳኛ ሬናቶ ኮሮና በታኅሣሥ 2011 በተወካዮች ምክር ቤት ሲከሰሱ መግለጫቸው ይገኝ የነበረው በሚመሩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ እጅ ነው፤ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የደረሰው በክርክሩ ሂደት በታዘዘ ጊዜ ነው። በ2010 ያስመዘገቡት የተጣራ ሀብት 23 ሚሊዮን ፔሶ ገደማ ነበር። በግንቦት 2012 ራሳቸው መስክረው 2.4 ሚሊዮን ዶላር በባንክ እንዳላቸው፣ በፔሶም ከሌሎች ገንዘብ ጋር የተቀላቀለ 80 ሚሊዮን እንደነበር ተናገሩ፤ የዶላሩን ሂሳብ ያላስመዘገብኩት የውጭ ገንዘብ ሂሳብ ምስጢራዊነትን የሚጠብቅ ሕግ ስላለ ነው ሲሉም ተከራከሩ። ምክር ቤቱ 20 ለ 3 በሆነ ድምፅ ከሥልጣን አወረዳቸው። በማስረጃው ላይ ብቻ ካየነው ውሳኔው ተገቢ ነው እላለሁ።

በኮሮና ቦታ የተተኩት ግን ማሪያ ሎርደስ ሴሬኖ ነበሩ፤ የእርሳቸው ፍጻሜ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ሴሬኖ በፕሬዚዳንት ዱተርቴ ዘመን መንግሥትን በግልጽ የሚተቹ ዋና ዳኛ ነበሩ፤ ፕሬዚዳንቱም በሚያዝያ 2018 ከእንግዲህ ጠላትሽ ነኝ ብለዋቸዋል። በግንቦት ወር የገዛ ባልደረቦቻቸው 8 ለ 6 በሆነ ድምፅ ሹመታቸው ከመጀመሪያው ዋጋ አልነበረውም ብለው አሰናበቷቸው። ምክንያቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳሉ የአንዳንድ ዓመታት የሀብት መግለጫ አላቀረቡም የሚል ነው። ከፈረዱባቸው መካከል ቀደም ብሎ በተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው የመሰከሩባቸው ዳኞች ነበሩ፤ ከችሎቱ እንዲነሱ ቢጠየቁም አልተነሱም። ኮሮናን ያወረደው ወረቀት ሴሬኖንም አወረደ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ገንዘብ ተገኘ፣ በሁለተኛው ጊዜ የተገኘው የጎደለ ፋይል ነው።

ናይጄሪያም ከዚህ አትርቅም። ዋና ዳኛ ዋልተር ኦኖገን በጥር 2019 የባንክ ሂሳቦችን ባለማስመዝገብ ተከሰሱ፤ ፕሬዚዳንት ቡሃሪ በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ከሥራ አገዷቸው። ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ የምርጫ ክርክር ቢነሳ የመጨረሻው ቃል የሚሰጠው ደግሞ በእርሳቸው ፍርድ ቤት ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2017 የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሥራ ላይ ያለ ዳኛ በሥራው ለፈጸመው ጥፋት ከመከሰሱ በፊት ጉዳዩ በብሔራዊ የዳኝነት ምክር ቤት መታየት አለበት ብሎ ነበር፤ ያ ቅደም ተከተል እዚህ አልተጠበቀም። በሚያዝያ ጥፋተኛ ተባሉ፣ ለ10 ዓመት ከመንግሥት ሥልጣን ታገዱ። በ2024 መጨረሻ ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተከራካሪዎቹ ባደረጉት ስምምነት መሠረት ጥፋተኝነቱን አነሳ። ሂሳቦቹ ነበሩ፣ ማስመዝገቡም ግዴታ ነበር፤ ግን ለዓመታት ማንም ያላየው ክፍተት የታየው በዚያ ወር መሆኑን አይቶ ዝም ማለት አይቻልም።

ከእነዚህ ሁሉ ለራሴ የያዝኩት አንድ ሐሳብ አለ። በዘወትር ሥራ የማይነበብ መግለጫ፣ ባለቤቱን ለማስወገድ የሚፈልግ ሰው እስኪመጣ ድረስ በመሳቢያ ውስጥ ይጠብቃል። በአሜሪካ የሚታየው ግዴለሽነትና በናይጄሪያ የታየው ማጥቂያነት ተቃራኒ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ቅጹ በገባበት ዓመት፣ የሁሉም ዳኞች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መመዘኛ አይመረመርም። የዓመቱ መግለጫ በገባ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ተመርምሮ «ይህ ጎድሏል፣ ይህ ግልጽ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ለዳኛው ቢደርስ፣ መልሱም ከመግለጫው ጋር ይፋ ቢሆን፣ ከ10 ዓመት በኋላ የድሮ ፋይል መዞ ዋና ዳኛን ማውረድ እጅግ ይከብዳል። ሴሬኖ ሲሾሙ የጎደለው ወረቀት በግልጽ ተጠይቆ፣ ተመልሶና ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ከ6 ዓመት በኋላ መሣሪያ አይሆንም ነበር።

መርማሪው ማን ይሁን ለሚለው፣ አስፈጻሚው አካል አይሁን የሚለውን ያለ ማወላወል እይዛለሁ። ዳኞች ብቻም አይሁኑ። ጡረታ የወጡ ዳኞች፣ የሂሳብ ባለሙያዎችና ከሕግ ሙያ ውጭ የሆኑ ሰዎች የሚገኙበት፣ የሥራ ዘመናቸው ከመንግሥት ለውጥ ጋር የማይገናኝ ቦርድ እመርጣለሁ። ሥልጣኑም በደረጃ የተከፋፈለ መሆን አለበት። ዛሬ በብዙ አገር በመጨረሻው ፍርድ ቤት ዳኛ ላይ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ከሥልጣን ማውረድ ወይም ምንም አለማድረግ። ቅጣቱ ያ ሲሆን ሰው ትንሹን ጥፋት አይቶ ያልፋል፣ ትልቁም በፖለቲካ ድምፅ ይለካል። የማስተካከያ ትእዛዝ፣ በይፋ የሚወጣ ወቀሳ፣ ከተወሰኑ መዝገቦች መነሳት፣ የገንዘብ ቅጣት፣ ከዚያም በተረጋገጠ ሆን ተብሎ በተፈጸመ መደበቅ ላይ ብቻ ከሥልጣን የማንሳት ሂደት፤ መካከሉ ባዶ መሆን የለበትም። ምርጫ ሲቃረብ ወይም መንግሥት ተከራካሪ የሆነበት ትልቅ ጉዳይ በችሎት ላይ ሳለ አዲስ ክስ ዳኛውን ከሥራ እንዳያሳግድ የሚከለክል ድንጋጌም ያስፈልጋል፤ ምርመራው ይቀጥል፣ ወንበሩ ግን አይነካ።

ዳኞች የሚያነሱትን የደህንነት ስጋት ቀላል አድርጌ አላየውም። በዳኞችና በቤተሰባቸው ላይ ጥቃት የደረሰባቸው አገሮች አሉ፤ የመኖሪያ አድራሻ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የሂሳብ ቁጥር ይፋ ሊወጡ አይገባም። ይህ ግን በቀላሉ ሊሸፈን የሚችል ዝርዝር ነው። የኩባንያውን ስም፣ የአበዳሪውን ማንነት፣ የጉዞውን ከፋይ መደበቅ ለማንም ደህንነት አይጨምርም። የትዳር ጓደኛ የግል ሕይወት የሚለውም በከፊል ያሳምነኛል፤ የገቢው ልክ በደፈናው ሊገለጽ ይችላል፣ አሠሪው ግን መታወቅ አለበት፤ ተከራካሪ ሆኖ የሚመጣው አሠሪው ነውና።

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መንገድ በዝግታ ሲሄድበት እያየሁ ነው። በ1997 ዳኞቹ ሀብታቸውን ለዋናው ዳኛ እንዲያሳውቁ ወሰኑ፤ ወረቀቱ ግን እዚያው ይቀር ነበር። አንድ ዜጋ በመረጃ ነጻነት ሕግ የጀመረው ክርክር ለዓመታት ተጉዞ በኅዳር 2019 የዋናው ዳኛ ጽሕፈት ቤት በሕጉ ሥር የሚወድቅ የመንግሥት አካል ነው በሚል ተቋጨ። በመጋቢት 2025 በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ መኖሪያ በተነሳ እሳት ጊዜ ብዙ የተቃጠለ ጥሬ ገንዘብ ተገኝቷል ተባለ፤ ዳኛው ገንዘቡ የእኔ አይደለም ብለው አስተባበሉ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች መግለጫቸው በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ እንዲወጣ ተስማሙ፤ በግንቦት መጀመሪያ ከ33ቱ ዳኞች የ21ዱ ወጣ። ለማውጣት እሳት ማስፈለጉ ያሳዝነኛል፤ መውጣቱ ግን ያስደስተኛል። አሁን የሚቀረው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አዲስ ጉዳይ ለችሎት ሲመራ የተከራካሪዎቹን ስም ከእነዚህ መግለጫዎች ጋር እንዲያመሳክር ማዘዝና የየዓመቱ መግለጫ ካለፈው ዓመቱ ጋር ተነጻጽሮ ልዩነቱ እንዲጻፍ ማድረግ ነው፤ ሁለቱም አዲስ ሕግ ሳይጠብቁ በፍርድ ቤቱ የውስጥ መመሪያ ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።